ባቡር የተወው የብረት ድልድይ ለእግረኛ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ «የማስተምረው በአፍደምና በኤረር መካከል፣ በድሮው የባቡር መስመር አጠገብ ባለ ሰፈር ነው። ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ግን ከማዶ ያሉት ልጆች በተተወው የብረት ድልድይ ላይ ይሻገራሉ። ሐዲዱና ከስሩ ያሉት አግዳሚዎች ግማሾቹ ተወስደዋል። ሁለቱ ትልልቅ ተሸካሚ ብረቶች ቢዝጉም ጠንካራ ይመስላሉ። ወላጆች አዋጥተን ጣውላ እንምታበት እያልን ነው። አርማታ ይፈሰስበት የሚሉ አሉ፤ ብረቱ ተሽጦ ሌላ ነገር ይሰራ የሚሉም አሉ። ባለሙያ ምን ይመክረናል?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ዛሬ ባለበት ሁኔታ ልጆቹ አይሻገሩበት። ይህን ስል ድልድዩ አልቆለታል ማለቴ አይደለም። የብረት አካሉ ለእግረኛ የሚያንስ አይመስለኝም። የሚያሰጋኝ አሸዋው ስር ያለው ነው። ድልድይ ስናይ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ብረቱና ወደ ዝገቱ ነው። ወንዝ ላይ የቆመ ድልድይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ከእግሩ ነው።

የክብደቱን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ቀላሉ እሱ ነው። ይህ ድልድይ የተሰራው ሎኮሞቲቭ ከነፉርጎዎቹ እንዲያሳልፍ ነው። እኛ ለእግረኛ ድልድይ ስናሰላ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቢቆም ብለን በአንድ ካሬ ሜትር 500 ኪሎ እንይዛለን። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 20 ሜትር ነው እንበል። 2 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ሰርታችሁ ጢም ብሎ ቢሞላ 20 ቶን ይሆናል። ባቡሩ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ጭኖ ያልፍ ነበር፤ ያውም እየተንቀጠቀጠና ፍሬን እየያዘ። በአካባቢው የጥር 1977ቱ የአዋሽ አደጋ ስለሚነሳ፣ የድሮ የባቡር ድልድይ ሲባል ሰው ይሰጋል። ያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ያለቁት ድልድዩ ተሰብሮ አይደለም። ባቡሩ በፍጥነት ሲታጠፍ ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ነው።

ስለ ዝገቱም ትንሽ ላረጋጋዎት። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲሆን ብረት የሚዝገው በጣም በዝግታ ነው። የእናንተ ቆላ ለብረት ደግ አገር ነው። ቡናማ ቆዳ የለበሰ ወፍራም ብረት ውስጡ ደህና ሊሆን ይችላል። ዝገት የሚከፋው ውሃና አፈር በሚተኛበት ቦታ ነው። እሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ደራሽ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አካባቢ ሰው አይነገርም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሚሆን ወንዝ። ሰው በደንብ የማያየው ግን ጎርፉ ከታች የሚሰራውን ነው። ውሃው ሲሞላ የወንዙ ወለል ራሱ ይነሳል። አሸዋው ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ውሃው ከምሰሶው ፊት ጋር ሲጋጭ ወደ ታች ይጠመዘዛል፤ ምሰሶው ግርጌ ላይም ጉድጓድ ይቆፍራል። በትልቅ ጎርፍ ይህ ጉድጓድ ከሰው ቁመት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ጎርፉ ሲጎድል የተሸከመውን አሸዋ መልሶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያራግፈዋል። በነጋታው ሄደው ቢያዩ ወለሉ ለጥ ብሎ፣ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ምሰሶው ግን ሌሊቱን መሰረቱ ተራቁቶ ነው ያደረው። በበጋ ታይቶ «ደህና ነው» የተባለ ድልድይ በክረምት የሚወድቀው በዚህ ነው።

ይህን ያለ መሳሪያ በከፊል ማወቅ ይቻላል። ወንዙ ደረቅ ሲሆን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 2 ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን ይያዙ። መጀመሪያ ከምሰሶው ራቅ ብለው ወንዙ መሃል ላይ በመዶሻ ይምቱት። ስንት ምት ስንት እንደሚያስገባው ይጻፉ። ከዚያ ምሰሶው አጠገብ፣ ውሃው በሚመጣበት ፊት በኩል ይድገሙት። እዚህኛው ጋ በጣም እየቀለለ ከገባ፣ የገቡበት አሸዋ ጎርፍ በቅርቡ ቆፍሮ የደፈነው ነው። ፌሮው በድንገት ጠንካራ ነገር የሚያገኝበት ጥልቀት ደግሞ ጉድጓዱ የት እንደደረሰ ይነግርዎታል። ይህ የምሰሶውን መሰረት ጥልቀት አይነግርም። እሱን ለማወቅ ቁፋሮ ያስፈልጋል፤ ቁፋሮው ደግሞ ባለሙያ ሳይኖር አይሞከር። ምሰሶ ስር በዘፈቀደ መቆፈር ጎርፉ የጀመረውን መጨረስ ነው።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የድሮ ግንበኞች ከመሬት በላይ የሚታየውን ድንጋይ በጥንቃቄ ጠርበው ይሰሩ ነበር። የሚቀበረውን ግን ለመጥረብ አይደክሙም። ስለዚህ ምሰሶውን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱት። የተጠረበው ለስላሳ ድንጋይ የሚያበቃበት፣ ሸካራው ያልተጠረበው የሚጀምርበት መስመር ከታየ፣ ድልድዩ ሲሰራ መሬቱ እዚያ ነበር ማለት ነው። ከመስመሩ በታች አሁን የሚታየው ሁሉ ድሮ የተቀበረ ነበር። ያን ልዩነት በሜትር ይለኩት። ግማሽ ሜትር ከሆነ ይመዝገብ። ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ እኔ ብሆን ድልድዩን ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።

ወለሉ የሚወርደው ደግሞ በጎርፍ ብቻ አይደለም። መምህር፣ በግልጽ ልጠይቅዎ፤ ወንዙ ውስጥ ሲኖትራክ ይገባል? ለግንባታ አሸዋ የሚጫንበት ወንዝ ከሆነ፣ ወለሉ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ነው። የተቆፈረው ቦታ ከድልድዩ ራቅ ቢልም ጉዳቱ ሊደርስበት ይችላል። ጎርፉ ጉድጓዱን ለመሙላት ከላይ አሸዋ ይጎትታል፤ አሸዋው እዚያ ስለሚቀርም ከታች ያለው ወለል ይሸረሸራል። ይህ ነገር በአገራችን ስንት ድልድይ እያራቆተ እንደሆነ ሳይ ያመኛል፤ ምክንያቱም ማስቆሚያው ብር አይጠይቅም። ቀበሌው አንድ ውሳኔ ወስኖ፣ ከድልድዩ በላይና በታች እስከ ሰፊ ርቀት ድረስ አሸዋ መጫን ቢከለክል፣ ወላጆች ከሚያዋጡት ጣውላ ሁሉ ይበልጣል።

እረኞቹንም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 በአየርላንድ ማላሃይድ ላይ፣ በየቀኑ ባቡር የሚያልፍበት ድልድይ አንድ ምሰሶው ተሸርሽሮ ወደቀ። ባቡር ገና ማለፉ ነበር፤ ሰው አልሞተም። ከቀናት በፊት እዚያ በጀልባ የሚሰለጥኑ የአካባቢው ሰዎች በአንዱ ምሰሶ ዙሪያ ያዩት ነገር እንዳላማራቸው ተናግረው ነበር። ውሃውን በየቀኑ የሚያየው ሰው ባለሙያው የማያየውን ያያል። «ዘንድሮ ውሃው የሚሄደው በየትኛው ምሰሶ በኩል ነው? ድሮስ?» ብለው ይጠይቁ። የወንዙ ዋና መስመር ወደ አንዱ ዳር ከዞረ፣ ጎርፉ ከዳሩ ግንብ ጀርባ ዞሮ አፈሩን ሊበላ ይችላል። ያን ጊዜ ድልድዩ ሳይነካ መንገዱ ይጠፋል።

ከመሰረቱ ወደ ላይ እንውጣ። ብረቱ ምሰሶው ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ መቀመጫው። ብረት በሙቀት ይለጠጣል። 20 ሜትር ብረት በሌሊት ብርድና በቀን ሐሩር መካከል 30 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኝ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ይታሰራል፤ ሌላው እንዲንሸራተት ይተዋል። ባቡር በነበረ ጊዜ ይህን ቦታ የሚጠርግና ግራሶ የሚቀባ ሰራተኛ ነበር። አሁን አሸዋ፣ የወፍ ኩስና የግራር ፍሬ ታጭቆበት ያገኙታል። ቆሻሻው ጤዛና ዝናብ ይይዛል፤ ዝገቱ የሚበላውም እዚያው ነው። ውድ ነገር አያስፈልገውም። መጥረጊያና አካፋ በቂ ነው። ካጸዱት በኋላ ግን ወደ ታች የሚያስሩትን ብሎኖች ልብ ብለው ይዩ። አሉ? ወይስ ተፈትተው ተወስደዋል?

ይህን አጥብቄ የምጠይቀው ምክንያት አለኝ። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኪንዙዋ የሚባል የባቡር ድልድይ ነበር። 92 ሜትር ከፍታ፣ ከ600 ሜትር በላይ ርዝመት። በ1882 ተሰርቶ፣ ባቡሩ እየከበደ ሲመጣ በ1900 እንደገና በብረት ታደሰ፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1959 የጭነት ባቡር ተወው። በኋላ የጎብኚ ባቡር እየሄደበት፣ ሰውም በእግሩ እያየው ቆየ። በ2002 ባለሙያዎች አላመኑትምና ዘጉት፤ ጥገና ጀመሩለት። በሐምሌ 2003 አውሎ ነፋስ መጣና ከ20 ማማዎቹ 11ዱን ጣለ። ምርመራው ያገኘው ዋና ምክንያት የማማዎቹን እግር ከመሰረቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ዝገው ማለቃቸውን ነው። ሲታደስ ከ1882ቱ የቀረውን ማሰሪያ እንደገና ተጠቅመውበት ነበር። ግዙፍ ብረት ቆሞ ሳለ የጣለው እግሩ ስር ያለችው ቁራጭ ናት። ደግነቱ አስቀድሞ ስለተዘጋ ሰው አልነበረበትም።

የእናንተ ድልድይ ከፍ ያለ ማማ የለውም፤ ነፋስ አይጥለውም። ጎርፍ ግን አለ። ሐዲዱና አግዳሚዎቹ ሲወሰዱ ድልድዩ ቀሏል። መቀመጫው ላይ ያሉት ብሎኖችም ከተወሰዱ ብረቱ በክብደቱ ብቻ ተቀምጧል ማለት ነው። ጎርፉ ግንድ ይዞ ብረቱ ድረስ ከደረሰ ወደ ጎን ሊገፋው ይችላል። በድልድዩ ሆድ ላይ የተሰካ ጭራሮ ወይም የደረቀ ጭቃ ካዩ፣ ውሃው እዚያ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ፎቶ ያንሱት።

ቁራሌው ምን እንደወሰደም መቆጠር አለበት። የሐዲዱ መሄድ ለእግረኛ ብዙም አይጎዳም። ከስር ሁለቱን ግርደሮች፣ ማለትም ትልልቆቹን ተሸካሚ ብረቶች፣ በመስቀል የሚያያይዙት ቀጫጭን ብረቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ቀጫጭን ስለሆኑና ምንም የተሸከሙ ስለማይመስሉ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። የተማሪ ማስመሪያ በጠርዙ አቁመው ከላይ ቢጫኑት ሳይሰበር ወደ ጎን እጥፍ ይላል። ረጅም ግርደርም እንደዚሁ ነው፤ ሲጫኑት ላይኛው ጠርዙ ወደ ጎን መሸሽ ይፈልጋል። እንዳይሸሽ የያዙት እነዚያ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ስለዚህ ከስር ገብተው በየክፍሉ ስንት እንዳሉ፣ ስንት እንደጎደሉ ይቁጠሩ። ጎድለው ከተገኙ ከጣውላው በፊት የሚገዛው እነሱን የሚተካ ብረት ነው።

ሪቬቶቹን፣ ማለትም ክብ ጉብታ ያላቸውን የድሮ ማያያዣዎች፣ እንዲህ ይፈትኗቸዋል። የአንዷን ራስ በአንድ በኩል በጣትዎ ይንኩ፤ በሌላ በኩል በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጓት። ጥብቅ ከሆነች ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጣትዎ ስር አትንቀሳቀስም። ከላላች ድምፁ ይደፈናል፤ ጣትዎም ይሰማዋል። ከራሷ ስር ቡናማ የዝገት መስመር ወደ ታች ከወረደም የላላች ናት ብለው ይጠርጥሩ። ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ቦታ ደግሞ ላሜራዎቹ መሃል ተነፍተው ከሆነ ይመልከቱ። ዝገት ከነበረው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ በመካከል ሲጠራቀም ወፍራም ላሜራ እንኳ ይገፋል።

ድልድዩ ብዙ ክፍል ካለው አንዱን አይተው ሌላውን ደህና ነው አይበሉ። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ተሰርቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የእናንተ ድልድይ በዚህኛው ክፍል ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ስራ ከመቶ ዓመት አልፎታል። ግን በመካከል ብዙ አልፏል። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲነሳ በዚህ መስመር ላይ ድልድዮች በፈንጂ ፈርሰዋል፤ ባቡሩም ለወራት ቆሞ ነበር። ስለዚህ አንዱ ክፍል የጥንቱ፣ ጎረቤቱ በኋላ የተተካ ሊሆን ይችላል። በሪቬት የተያያዘው የድሮው ነው፤ ብየዳ ያለበት በኋላ የመጣ ነው። የተለያየ ብረት የተለያየ ፍርድ ይፈልጋል።

ወደ ጣውላው ሐሳብ ልምጣ። መሰረቱና ማያያዣዎቹ በባለሙያ ታይተው ካለፉ፣ እኔ ከጣውላው ጎን ነኝ። የአርማታውን ሐሳብ ግን ተውት። 20 ሜትር በ2 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ብታፈሱ 10 ቶን ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባህር ዛፍ ጣውላ 2 ቶን እንኳ አይሞላም። ግርደሩ 10 ቶኑን ሊችለው ይችላል። ክፋቱ አርማታው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ውሃ አምቆ መያዙ ነው። ዝገቱ ከስር ይበላል፤ ማንም አያየውም። ጣውላ ግን ተነስቶ ከስሩ ይታያል፤ የበሰበሰው ተነቅሎ ይተካል። በጣውላዎቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ውሃ ይወርዳል፣ የፍየል ኮቴ አይገባም። ለምስጥ መድኃኒት ይቀባ። መደገፊያው ከ1 ሜትር ከ10 አይነስ። በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተትም ሕፃን ጭንቅላቱን የማያስገባበት፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን።

ጣውላውን ለማሰር ብየዳ አትጠቀሙ። ከምመክረው ሁሉ ሰው ቶሎ የሚረሳው ይህን ነው፤ የሰፈሩ በያጅ ቅርብ ነው፣ ስራውም ቀላል ይመስላል። የዚያን ዘመን የአውሮፓ ብረት ብዙ ጊዜ ፎስፈረስና ናይትሮጅን የበዛበት ነው። ብየዳ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። የግርደሩን ጠርዝ የሚነክስ ቆልማማ ብሎን አስቀጥቅጡ። ብረቱ አይበሳም፣ አይበየድም። በተፈለገ ጊዜም ይፈታል።

ሌላም አለ። የድሮው ቀይ አንቲረስት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን የባቡር ድልድይ በብዛት የሚቀባው በዚያ ነበር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁት አቧራው ይነሳል። የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ አቧራ ነው። ስለዚህ «ቅዳሜ ተማሪዎቹ ወጥተው ያጽዱ» የሚባል ዘመቻ እንዳይታሰብ። አዋቂዎችም ቢሆኑ ደረቁን አይፈቁ፤ ውሃ እያርከፈከፉ፣ አፍና አፍንጫቸውን በደህና ማስክ ሸፍነው ይስሩ።

መተላለፊያው ባማረ ማግስት ባጃጅ ይመጣል። ይህ የማይቀር ነው። ሁለቱም መግቢያ ላይ በመሃላቸው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚያሳልፉ ጠንካራ ምሰሶዎች ይተከሉ። ጭነት የያዘ ግመልም አያልፍም፤ አውቃለሁ። ግመሉ ውሃው ሲጎድል በአሸዋው ይሻገር። ድልድዩ የልጆቹ ይሁን።

ብረቱን ሸጦ ሌላ ነገር መስራትስ? በመጀመሪያ ብረቱ የመንግስት ንብረት ነው። ቀበሌም ሆነ ወላጅ ኮሚቴ ሊሸጠው አይችልም። አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 በሌላ መስመር ስለተመረቀ የድሮው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ለኔ ይበልጥብኛል። በአሸዋማ ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ሲሰራ ገንዘብ የሚበላው ከመሬት በታች ያለው ስራ ነው። የእናንተ ምሰሶዎች ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ውዱ ስራ ተሰርቶ አልቋል። ግርጌያቸውን በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሳጥን፣ እና በትልልቅ ድንጋይ ማጠናከር ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም፤ ዲዛይኑን ግን መሐንዲስ ይስራው፤ ያለቦታው የተጣለ ጋቢዮን ውሃውን ወደ ሌላው ምሰሶ ይገፋዋል። ወንዙ ወለል ላይ ውሃ ከላዩ የሚያልፍ ማቋረጫ እንስራ የሚል ካለ ደግሞ አይስማሙ። ልጆቹ መሻገሪያ በሚያጡበት ሰዓት እሱም ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው ብሎ የገባ ሰው ተወስዷል።

አሁን የሚያስፈልገው አንድ ማመልከቻና ጥሩ ፎቶዎች ናቸው። ማመልከቻው በቀበሌው በኩል ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ይግባ፤ ግልባጩ የድሮውን መስመር ንብረት ለሚያስተዳድረው አካል ይድረስ። ፎቶዎቹ እያንዳንዱን ምሰሶ ከላይኛውም ከታችኛውም የወንዙ በኩል ያሳዩ። መቀመጫዎቹ ከተጸዱ በኋላ፣ ከስር ያሉት መስቀለኛ ብረቶች በየክፍሉ፣ የተጠረበው ድንጋይ የሚያበቃበት መስመርም ይነሱ። በየፎቶው ውስጥ የተዘረጋ ሜትር ይግባ፤ ሜትር የሌለው ፎቶ ለመሐንዲስ ግማሽ መረጃ ነው። የፌሮውን ቁጥሮች አብረው ያያይዙ። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ማመልከቻ «ድልድያችን ይታይልን» ብቻ ከሚለው በፊት ይታያል።

እስከዚያ ድረስ ሁለቱን መግቢያዎች በድንጋይና በእሾህ ዝጉ። ደራሽ ውሃ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ስለዚህ በእርስዎ እጅ ያለ አንድ ነገር አለ፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይነጋገሩበት። ውሃ የመጣ ቀን ከማዶ ያሉት ልጆች ቢያረፍዱ ወይም ቢቀሩ እንዳይቀጡ፣ ፈተናም ካለ በሌላ ቀን እንዲሰጣቸው ይወሰን። ይህም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለወላጆቻቸው ይነገር።